ራዲያል ጎማ በአሮጌ ቮልስ ላይ፦ የንፋስ መጠን አመራረጥ፣ ከጎንደር የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ጎንደር ውስጥ ዛሬም መንገድ ላይ የሚታዩ ቮልሶች አሉ። ሞተራቸውን የሚፈታ መካኒክ አይጠፋም። ችግሩ ጎማ ላይ ነው። በዘመናቸው ይዘውት የመጡት ባያስ ጎማ (ክሮቹ በሰያፍ ተጠላልፈው የተሠሩ የድሮ ጎማ) እንደ ልብ ስለማይገኝ ባለቤቶቹ ራዲያል (ክሮቹ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያሉ ጎማ) ያስገባሉ፤ ንፋሱን የሚሞላላቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቪትዝና ሚኒባስ ሲነፋ የሚውል ጎሚስታ ነው። እዚህ የቀረበው አራት አዲስ ጎማ አስገብተው መኪናቸው ከበፊቱ የባሰባቸው ሰው ጉዳይ ነው። ጎማዎቹ ደህና ነበሩ። መሪው ላይ የወጣው ገንዘብም በከንቱ ነበር። የተሳሳተው ንፋሱ ነው፤ ያውም በየተራ በሦስት ዓይነት መንገድ።

መኪናዋ

በፈረንጆች 1966 የተሠራች ቮልስዋገን 1300 ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ አራቱም እግሮች ከበሮ ፍሬን አላቸው፣ ቸርኬዋ 15 ኢንች ሆኖ ስፋቱ 4 ኢንች ነው። የኋላ አክስሏ ግራና ቀኙ ከካምቢዮው ላይ እንደ ክንፍ ከፍ ዝቅ የሚል ዓይነት ነው፤ ይህ ነገር ኋላ ላይ ስለሚያስፈልግ ይያዝ።

ባለቤቷ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በአዘቦት ቀን ከማራኪ ፒያሳና አራዳ ይመላለሱባታል፣ ቅዳሜና እሑድ ማክሰኝት ይወርዳሉ፣ አልፎ አልፎ ባሕር ዳር ይደርሳሉ። የወዳጅ ሰርግ ሲኖርም አበባ ታስሮባት ትወጣለች። የነበሩት ጎማዎች 5.60-15 ባያስ ሲሆኑ ጎናቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። የተገዙት 165 አር 15 ራዲያል ናቸው፤ የጭነት ቁጥራቸው 86 ነው፣ ማለትም አንዱ ጎማ እስከ 530 ኪሎ ይሸከማል። የመጠኑ ምርጫ ትክክል ነበር። ከ4 ኢንች ቸርኬ ጋር ይሄዳል፣ ከመከለያውም ጋር አይነካካም። ብዙ ሰው በዋጋ ተስቦ 185/65 አር 15 ይገዛል፤ ያ ጎማ ቢያንስ 5 ኢንች ቸርኬ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ለአራቱም 35

ጎሚስታው አራቱንም ጎማ 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሞላ። ባለቤቱ «አልበዛም ወይ?» ሲሉት፣ «ጋሼ፣ ጎማው ላይ እስከ 51 ይችላል ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ 35 ብቻ ነው ያደረግኩልዎ» አላቸው። ልጁ አልዋሸም። ጎማው ጎን ላይ 51 ተጽፏል። ነገር ግን ያ ቁጥር ጎማው ሳይጎዳ የሚችለው የንፋስ ጣሪያ ነው፤ ለየትኛው መኪና ስንት ይሞላ የሚለውን አይናገርም። ያንን የሚያውቀው መኪናውን የሠራው ነው፤ ጎማ ፋብሪካው ጎማው በምን ላይ እንደሚገጠም አያውቅም።

ሌላም ያሳሳተው ነገር አለ። ራዲያል ጎማ ልክ በሆነ ንፋስ እንኳ ከታች ጎኑ ወጣ ብሎ ያብጣል፤ የጎኑ ክሮች ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለው ስለተሠሩ ጎኑ ለስላሳ ነው። ባያስ ጎማ እንደዚያ ካበጠ በእርግጥ ንፋስ አንሶታል። በዓይኑ የለመደ ጎሚስታ ራዲያሉን አይቶ «ተኝቷል» ይልና ይጨምርበታል። በዓይን መፍረድ በራዲያል ላይ አይሠራም።

በ35 ፒኤስአይ መኪናዋ ኮብልስቶን ላይ መዝለል ጀመረች። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዳ መሪው ይንሳፈፋል፤ የጎን ነፋስ ሲመጣ ባለቤቱ በየጊዜው ማረም ነበረባቸው። ዝናብ ላይ ፍሬን ሲያዝ የፊት ጎማዎች ቶሎ ይቆለፋሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቮልስ አፍንጫ ባዶ ስለሆነ አንዱ የፊት ጎማ 180 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው የሚሸከመው። 35 ተሞልቶ ይህን ያህል ብቻ የተጫነበት ጎማ መሬት የሚነካው በመሐል ጥርሱ ነው።

ሁለተኛው ስህተት፦ ለአራቱም 22

ቀጥሎ መኪናዋን ያያት ሌላ መካኒክ ሁለት ነገር አደረገ። መጀመሪያ አላይመንት አሠርቶ የመሪውን ሳጥን አጠበቀው። መንሳፈፉ አልጠፋም፤ ጭራሽ ከመታጠፊያ በኋላ መሪው በራሱ መመለስ ተወ። ሳጥኑ ኋላ ላይ ወደ ነበረበት ተመልሷል። ቀጥሎ «ጎንደር ከፍታ ነው፣ ንፋሱ ይበዛበታል» ብሎ አራቱንም ወደ 22 አወረደው።

መኪናዋ ምቹ ሆነች፤ አደገኛም ሆነች። ወደ አዘዞ በሚወስደው ቁልቁለት ኩርባ ላይ ባለቤቱ ጋዝ ሲለቁ ጭራዋ ወደ ውጭ መሄድ ጀመረች። ከ35ቱ ይልቅ ይህ ነው ሰው የሚገለብጠው። ከመኪናዋ ክብደት ስድሳ በመቶ ገደማው ኋላ ነው። አራቱም ጎማ እኩል ሲነፋ ብዙ የሚሸከመው የኋላ ጎማ ወደ ጎን አብልጦ ይሸሻል፣ ቀለል ያለው የፊቱ ግን መንገዱን ይይዛል፤ አፍንጫዋ ስትታጠፍ ጭራዋ ታመልጣለች። እንደ ክንፍ የሚወዛወዘው አክስል ሲጨመርበት ደግሞ ጭራዋ ብድግ ትልና በውጭ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ መሪ አይመልሳትም። ፋብሪካው ከፊት አሳንሶ ከኋላ አብዝቶ የሚያዘው ለዚህ ነው።

የከፍታውን ነገር እዚሁ እንጨርሰው። የንፋስ መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ጭነት የሚሸከመውም ይኸው ልዩነት ነው። ስለዚህ ጎንደር ላይ የሞላ ሰው በከፍታው ሰበብ የሚቀንሰው ነገር የለም። ከ2,100 ሜትር በላይ ካለችው ጎንደር 700 ሜትር ገደማ ወዳለችው መተማ የወረደ እንደሆነ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ይላል፤ ግን መተማ ሞቃት ስለሆነች ሙቀቱ ያንኑ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ጠዋት ጎንደር ላይ በ15 ዲግሪ 28 የተሞላ ጎማ መተማ በ35 ዲግሪ ጥላ ስር ሲለካ 28 ተኩል ገደማ ነው የሚመጣው። ከዚህ ጉዞ ድምር ውጤት ይልቅ ጠዋትና ቀትር የበለጠ ልዩነት ያመጣሉ፦ ጎንደር ላይ በ14 ዲግሪ የተለካ ጎማ በ26 ዲግሪ ሲለካ አንድ ተኩል ፒኤስአይ ይጨምራል።

ሦስተኛው ስህተት፦ ስኮርት ጎማው

እንፍራንዝ አካባቢ የግራ የፊት ጎማ ተበሳና ስኮርቱ ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መኪናዋ ወደ ቀኝ ትጎትት ነበር። ባለቤቱ ፍሬኑን ጠርጥረው አስከፈቱት፤ ከበሮውም ሸራውም ምንም አልሆኑም።

ቮልስን በቅርብ የማያውቅ ሰው ይህን አያገኘውም። የዚህች መኪና የመስታወት ውሃ መርጫ ፓምፕ የለውም፤ እንደ ኋላ ዘመን ቮልሶች ከፊት ኮፈን ስር ከተኛው ስኮርት ጎማ በቀጭን ቱቦ ንፋስ እየወሰደ ነው የሚረጨው። ለዚህ ሲባል ስኮርቱ 42 ፒኤስአይ ይሞላል፤ ንፋሱ ሲያንስ ጎማው ባዶ እንዳይቀር ቫልቮላው ራሱ ይዘጋል። ስኮርቱ ሲገጠም ማንም ንፋሱን አላወረደም። ቤት ሲለካ ግራው 40፣ ቀኙ 22 ነበር። አነስተኛ ንፋስ ያለው ጎማ መሬቱን አብዝቶ ስለሚይዝ መኪናዋ ወደዚያው ትሳባለች። ይህ አልበቃ ብሎ ስኮርቱ አሮጌው ባያስ ጎማ ነበር። በአንድ አክስል ላይ ባያስና ራዲያል መቀላቀል ፈጽሞ አይደረግም። መቀላቀል ግድ ከሆነ ሁለቱ ራዲያሎች ከኋላ፣ ሁለቱ ባያሶች ከፊት ይሆናሉ፤ ግልባጩ ጭራውን ያስለቅቃል።

ምርመራው

ሥራው የተጀመረው ከመለኪያው ነው። የጎሚስታው መለኪያ እስከ 160 የሚያነብ የጭነት መኪና መለኪያ ሲሆን፣ እስከ 60 ከሚያነብ አዲስ መለኪያ ጋር ሲወዳደር 5 ፒኤስአይ አብልጦ ያሳያል። 35 ላይ 5 ብዙ አይመስልም፤ የቮልስ ፊት 18 ሲፈልግ ግን ሩብ ያህሉ ነው። ስለዚህ «22» የተባለው በእውነት 17 ገደማ ሳይሆን አይቀርም፤ ኋላ 17 ይዞ ቁልቁለት መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ መለኪያ፣ ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነዳ ተለካ።

ቀጥሎ ጎማዎቹ ተፈቱ። የዚህ መኪና ቸርኬ የጎማውን ከንፈር የሚያግተው ጉብታ ስለሌለው ከመነዳሪ (ንፋሱን የሚይዝ የውስጥ ጎማ) ያስፈልገዋል፤ ጎሚስታው ግን የባያሱን አሮጌ ከመነዳሪ ነበር የመለሰው። ሁለቱ ታጥፈው እጥፋታቸው ላይ ተልጠዋል። እንፍራንዝ ላይ የፈነዳውም በሚስማር አልነበረም፤ እጥፋቱ ላይ ነው የተቀደደው። ለራዲያል የተሠራ ከመነዳሪ ተገዝቶ በታልክ ታሽቶ ገባ። ሲሞላ መጀመሪያ ከንፈሩ እስኪቀመጥ ድረስ ከ40 ሳያልፍ ተነፋ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ተለቀቀ፣ ከዚያ እንደገና ተሞላ። መሐል ላይ መልቀቁ የታጠፈውን ከመነዳሪ ይዘረጋዋል። ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ነገር ነው፣ የሚያደርገው ሰው ግን ጥቂት ነው።

የጎማዎቹ ዕድሜም ታየ። ጎናቸው ላይ ካለው ኮድ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2322 ቢል በፈረንጆች 2022 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። እነዚህ አዲስ ነበሩ። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ቢሆን ኖሮ ጥርሱ ቢሞላም ሂሳቡ ሁሉ ዋጋ አይኖረውም ነበር።

ክብደትና ሂሳብ

መኪናዋ ምድር ሚዛን ላይ ወጣች። መጀመሪያ የፊት ጎማዎች ብቻ፣ ቀጥሎ ሙሉዋ፣ በመጨረሻ የኋላዎቹ ብቻ፤ ማርሹ ባዶ፣ የእጅ ፍሬን የተለቀቀ። የጭነት መኪና ሚዛን በ20 በ20 ኪሎ ስለሚዘል ቁጥሩ ግምት ነው፣ ግን ለዚህ ሥራ ይበቃል። በሹፌር ብቻ ፊት 360፣ ኋላ 500 ኪሎ መጣ። አራት ሰውና ሻንጣ ሲጨመር ፊት 420፣ ኋላ 680። ስለዚህ ሲበዛ አንዱ የፊት ጎማ 210፣ አንዱ የኋላ ጎማ 340 ኪሎ ይሸከማል።

ጎማው 530 ኪሎ የሚሸከመው በ2.5 ባር፣ ማለትም በ36 ፒኤስአይ ነው። ንፋሱ ሲቀንስ የሚሸከመውም ይቀንሳል፤ ስሌቱ የተመረጠውን ንፋስ ለ2.5 ባር አካፍሎ፣ በአርቢ 0.8 አድርጎ፣ በ530 ማብዛት ነው። በ18 ፒኤስአይ 300 ኪሎ ገደማ፣ በ20 ደግሞ 330፣ በ24 ወደ 380፣ በ28 ወደ 430፣ በ30 ወደ 455 ይወጣል። ፊቱ በ18 እንኳ ከበቂ በላይ ነው። ኋላው በ28 ሩብ ያህል ትርፍ አለው። ይኸው መኪና 155 አር 15 ቢያደርግ ጎማው ሲበዛ 475 ኪሎ ብቻ ስለሚችል በ27 ፒኤስአይ የኋላ ትርፉ አሥር በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ጠባብ ጎማ ያደረገ ሰው ኋላውን ከፍ ማድረግ አለበት።

ይህ ሂሳብ ከዚህ በታች አትውረድ የሚል ወለል ነው። መኪናው እንዴት እንደሚነዳ አይናገርም። 22 ለአራቱም የሚለው በሂሳብ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ የገደለው ሚዛኑ ነው።

ሙከራው

መነሻ የተደረገው ፋብሪካው ያለው ነው። ለባያስ ጎማ መጽሐፉ አንድ ሁለት ሰው ሲጫን ፊት 16 ኋላ 24፣ ሲሞላ 17 እና 26 ይላል። በኋላ ዘመን ቮልሶች መጽሐፍ ላይ ለራዲያል 18 እና 27 ተጽፏል። ሙከራው ከ18/27 ተነሣ፤ በየጊዜው ሁለት ፒኤስአይ ያህል ብቻ እየተለወጠ፣ ኋላው ከፊቱ ቢያንስ በ8 እየበለጠ።

18/27 ላይ መንሳፈፉ ጠፋ፣ ጭራዋም ተረጋጋች። የቀረው አንድ ስጋት ነበር፦ የጎንደር አስፋልት ጉድጓድ ጠርዙ ስለታም ነው፣ ፊቱ 18 ሲሆን ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ሊነከስ ይችላል። 20/28 ሲደረግ ይህ ስጋት ቀነሰ፣ አያያዟም አልተበላሸም። 22/30 ላይ ኮብልስቶኑ ላይ መዝለል እንደገና ጀመረች። ስለዚህ ለአንድና ለሁለት ሰው 20/28፣ ለሙሉ ጭነትና ለባሕር ዳር መንገድ 20/30 ሆነ። ሰው ሲበዛ የሚጨመረው ኋላ ብቻ ነው፤ ተሳፋሪውም ሻንጣውም የሚያርፈው እዚያ ነው።

ማክሰኝት ደርሰው ጎማው ሳይበርድ ሲለካ ፊቱ 22፣ ኋላው 31 ነበር። ሁለት ሦስት መጨመሩ ጤነኛ ነው። ከ4 በላይ ቢጨምር ጎማው ብዙ እየተጨማደደ ይሞቃል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ጠዋት ንፋሱ ከፍ ይደረጋል። በትኩሱ ለክቶ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ግን የተለመደ ጥፋት ነው። ሲበርድ ከወለሉ በታች ይወርዳል።

የጠመኔ ሙከራም ተደርጓል። ጥርሱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጠመኔ ይሰመርና በሜዳ አስፋልት ጥቂት መቶ ሜትር ይነዳል፤ መሐሉ ብቻ ከጠፋ ንፋሱ በዝቷል፣ ዳር ዳሩ ከጠፋ አንሷል። ፊት ላይ በደንብ ሠራ። ኋላ ላይ አልሠራም፤ ያ አክስል ባዶ ሲሆንና ሲጫን ጎማውን የሚያጋድልበት አንግል ስለሚለያይ ጠመኔው የሚያሳየው ከንፋሱ ይልቅ ጋደሉን ነው። ለእንደዚህ ዓይነት መኪና የኋላውን ጎማ በጠመኔ መወሰን አይገባም።

ለሌሎች መኪናዎች የሚጠቅመው

ሞተሩ ከኋላ የሆነ ማንኛውም አሮጌ መኪና፣ ለምሳሌ ፊያት 600፣ ከፊት በጣም ያነሰ ከኋላ የበዛ ንፋስ ይፈልጋል። ሞተሩ ከፊት የሆነ መኪና ይህን ቁጥር መቅዳት የለበትም። መንገዱ ግን አንድ ነው፦ የመኪናው መጽሐፍ ለባያስ የሰጠውን የፊትና የኋላ ቁጥር መያዝ፣ ልዩነታቸውን ሳያፋልሱ ሁለቱንም ከ2 እስከ 4 ፒኤስአይ ከፍ ማድረግ፣ በጭነት ሂሳቡ ወለሉን ማረጋገጥ፣ ከዚያ በትኩስ ልኬት ማረም። መጽሐፉ ከጠፋ በር ላይ ወይም የጓንት ሳጥን ክዳን ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይፈለግ።

መኪናው መንሳፈፍ ወይም መጎተት ሲጀምር መሪና ፍሬን ከመፈታቱ በፊት አራቱ ጎማ በአንድ መለኪያ ይለካ። በዚህ ጉዳይ ይህ ቀድሞ ቢደረግ ለአላይመንትም ለፍሬኑም የተከፈለው ይቀር ነበር። ለጎሚስታው ቁጥሩን በቃል መንገርም አይበቃም፤ ባለቤቱ አሁን ነጭ ቀለም በትንሽ ብሩሽ ወስደው ከፊት መከለያው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ 20፣ ከኋላው ላይ 28 ብለው ጽፈዋል። ልጁ ጎንበስ ሲል ቁጥሩን ያየዋል።

ስኮርቱ እንደ ሌሎቹ 165 አር 15 ራዲያል ሆኗል። ለውሃ መርጫው ሲባል አሁንም 42 ይሞላል። ቫልቮላው ላይ «ሲገጠም ፊት 20፣ ኋላ 28» የሚል ቆርቆሮ ታስሮበታል፤ ከክሪኩ አጠገብ ደግሞ አንድ የኪስ መለኪያ ይቀመጣል።